ነጭ ሽንኩርት የመሰለኝ ሽታ

ሰው እያስተኛሁ ስኖር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እኔ ራሴ እንቅልፍ ከጠገብኩ ግን ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላውቅም። በሰፈሬ «ማደንዘዣ የምትወጋዋ» ይሉኛል። ስሜን የሚያውቁትም ቢሆኑ ዘመድ ኦፕራሲዮን ሲታዘዝለት ካልሆነ አያስታውሱኝም፤ አልፈርድባቸውም። ሐኪሙ ይመሰገናል፣ ነርሷ ትመረቃለች፣ እኔን ግን ታካሚው ሲነቃ መልኬን እንኳ አያውቀውም። ይህንን ለምጄው ስኖር አንድ ሽማግሌ ብቻ ከድምፄ ለይተው አወቁኝ። የምጽፈው ስለሳቸው ነው።

ብዙ ሰው ማደንዘዣ አንድ መርፌ ይመስለዋል። ሦስት ነገር ነው። አንዱ ያስተኛል፣ አንዱ ሕመም ይከለክላል፣ ሦስተኛው ጡንቻ ያላላል። ያ ሦስተኛው ባይኖር የሆድ ጡንቻ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሐኪሙን አያሠራውም፣ ጉሮሮም የመተንፈሻ ቱቦ አያሳልፍም። ነገር ግን አያስተኛም፤ ሕመምም አያስታግስም። የተሰጠው ሰው ጣቱን ማንሳት፣ ዓይኑን መግለጥ፣ አየር መሳብ ያቅተዋል፤ ጆሮውና ልቡናው ግን እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ የሚያስተኛው ቀድሞ አልቆ የሚያላላው ገና ካልለቀቀ፣ ሰውየው ታስሮ ይነቃል። መጮህ አይችልም። ከሥራዬ ሁሉ የምፈራው ይህንን ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የከተማችን የማርቆስ ዝናብ እንደ ልማዱ ጠዋት ጀምሮ ማታ ነው የሚያቆመው፤ ሳምንቱን ግን ሦስት ቀን ያህል ፋታ ሰጥቶን ነበር። እኔ ተረኛ ስሆን ሁለተኛ ቀኔ ነው። የሚተካኝ ባልደረባዬ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ደብረ ወርቅ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ስለኖርን «መቼ ትመጣለህ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። ወገቤ ተቆርጦ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ ከማንም ጋር ለመጣላት ሰበብ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከአምበር ወዲያ ካለ የገጠር መንደር አንድ ታካሚ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ ገበሬ ናቸው። አራት ጎረቤቶቻቸው ግማሹን መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ግማሹን በባጃጅ አምጥተዋቸዋል። ሚስታቸው በፌስታል ልብስ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ወጣቱ ሐኪማችን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና «አንጀታቸው ተጠማዟል፤ አሁኑኑ ካልፈታነው ይበሰብሳል» አለ። እንዲህ ያለ ሆድ በእኛ አገር እንግዳ አይደለም።

እኔ ከታካሚ ጋር የማወራው ጥቂት ነው፤ ግን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ አላስተኛም።

«አባቴ፣ ዛሬ ምን በሉ?»

«ኧረ ምንም አልበላሁ ልጄ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሎ ቀመስሁ። ፍልሰታ አይደል?»

አፋቸውን ልመለከት ጎንበስ ስል ሽታው መጣ። ነጭ ሽንኩርት። ይህን ሽታ ለእኔ ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም። ያደግኩት ቁይ አካባቢ ነው፤ ሆዳችንን በነፋን ቁጥር እናታችን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጣ፣ አፍንጫችንን ይዛ ታውጠን ነበር። ጎጃም ውስጥ ሆዱን ታሞ ይህንን ሳይቀምስ ሐኪም ቤት የሚመጣ ሰው አላየሁም። ሲጠየቅ ደግሞ ሁሉም «አልበላሁም» ይላል፤ መድኃኒት ምግብ ነው እንዴ? እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ማን ይሸውደኛል ብዬ ነው የኖርኩት።

«አባቴ፣ ነጭ ሽንኩርት በልተዋል።»

«አልበላሁም።»

«ይሸተኛል እኮ።»

«የሚሸትሽን እኔ እንጃ ልጄ። እኔ ቆራቢ ነኝ። ፍልሰታን በጠዋት አፌን በእህል አልከፍትም።»

ይህን ያሉት ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ምራቃቸው እየበዛ፣ በትግል ነው። እኔ ግን አላመንኳቸውም። «ለሕይወትዎ እኮ ነው የምጠይቅዎት፤ ለእኔ ብለው አይዋሹ» አልኳቸው። ቅጹ ላይ «በልቶ ገብቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

እውነቱን ለመናገር ለእንዲህ ያለ ሆድ በልተውም ባይበሉም የምሰጣቸው መድኃኒት ያው ነበር። አንጀት ከተዘጋ ሆድ ያቆረው ሁሉ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚያላላና ቱቦ በፍጥነት የሚያስገባ ያስፈልጋል። ያ ሳክሳሜቶኒየም ነው፤ እኛ ሳክስ እንለዋለን። ጥፋቴ መድኃኒቱ ላይ አይደለም።

የሳክስ ሥራ እንዲህ ነው። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ ጥቂት ኬሚካል ይልክበታል፤ ጡንቻው ያንን ተቀብሎ ይኮማተራል። ሳክስ ያንን ኬሚካል ይመስላል። ጡንቻው የታዘዘ መስሎት አንድ ጊዜ ይርገፈገፋል፤ ሳክሱ ግን ቦታውን ይዞ ስለማይለቅ ሌላ ትእዛዝ አይገባለትም፣ ይላላል። ደማችን ውስጥ ደግሞ ጉበት የሚሠራው አንድ ኢንዛይም አለ፤ ወፍጮ በሉት። ሳክሱ ደም ውስጥ እንደገባ ወፍጮው መፍጨት ይጀምራል። አብዛኛው ጡንቻ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል፤ የደረሰውም ወደ ደም ሲመለስ ይፈጫል። ስለዚህ በአምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ በአሥር፣ ሰውየው በራሱ መተንፈስ ይጀምራል። ቀዶ ጥገናው ከቀጠለ ያኔ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ሌላኛውን ማላያ፣ ቬኩሮኒየምን፣ እንጨምራለን።

ኬታሚን ሰጥቼ አስተኛኋቸው፣ ሳክሱን ወጋሁ፣ የዓይናቸው ቆብ ላይ፣ ትከሻቸው ላይ፣ ጭናቸው ላይ ጡንቻቸው ተርገፈገፈና ጸጥ አለ። ቱቦውን አስገባሁ። የሚያተነፍሰው ማሽናችን ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ የጎማውን ፊኛ በእጄ ነው የምጨምቀው። በቱቦው የሚያስተኛ ጋዝ ለቀቅኩላቸው፤ የደም ግፊታቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ብዙ አላበዛሁም። ሐኪሙ ሆዳቸውን ከፈተ።

አሥር ደቂቃ አለፈ፣ አልተነፈሱም። ሃያ አለፈ። ሐኪሙ «ሆዱ እንዴት ያለ ለስላሳ ነው፣ ምን ሰጠሻቸው?» ብሎ አመሰገነኝ። ገረመኝ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መደርደሪያው ላይ የቀሩን የቬኩሮኒየም ብልቃጦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አንዱንም ሳልከፍት ማለፌ ትርፍ መሰለኝ። ያልደከመ ሰው ቢሆን ያኔ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ነገር ሲቀልልኝ ለምን ቀለለኝ ብዬ የምጠይቅበት አቅም አልነበረኝም።

አንጀቱ ገና አልሞተም ነበር። ሐኪሙ ፈታው፣ ቀለሙ ተመለሰ፣ ሆዱን መስፋት ጀመረ። እኔም እንዲነቁ ጋዙን ዘጋሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር አለቀ። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ «መቼ ይነቃሉ?» አለኝ።

«አሁን» አልኩት።

አልነቁም። ፊኛውን ይዤ ጠበቅኩ። እጃቸውን አንስቼ ለቀቅኩት፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ዓይናቸው አልተገለጠም፣ ደረታቸው እኔ ካልጨመቅኩ አይነሳም። ሩብ ሰዓት ሄደ። ሐኪሙ ሌላ ታካሚ ይጠብቀዋል። «መመለሻውን ስጪያቸውና እንገላገል» አለ። ኒዮስቲግሚን ማለቱ ነው። እኔም መርፌውን አነሳሁ፣ ብልቃጡን ሰበርኩ፣ ሳብኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ኒዮስቲግሚን የሚመልሰው ቬኩሮኒየምን ነው፤ እኔ ደግሞ ቬኩሮኒየም አልሰጠሁም። ሳክስ ላይ ከሰጠሁት የደሙን ወፍጮ ራሱን ያቆመዋል፣ ነገሩን ያባብሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩት። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሠራኋቸው ሥራዎች ይቺን መርፌ መልሶ ማስቀመጥ ትልቋ ሳትሆን አትቀርም፤ ማንም አላያትም።

ሐኪሙ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ። እኔና ነርሷ ቀረን። ነርሷ ወጣት ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ሳቅ ይቀላታል። እኔ ደግሞ እግሬ አብጧል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ ተናድጃለሁ። የምናደድበት ሰው ስፈልግ ፊቴ ላይ የተኙትን አገኘሁ።

«ምን ውጦ እንደመጣ ማን ያውቃል» አልኩ፤ አንቱ ማለቱንም ትቼው ነበር። «ነጭ ሽንኩርቱን ብቻ ከሆነማ መልካም። ምን ዓይነት ሥር እንደበጠበጡለት እንጃ። ቆራቢ ነኝ ብሎ ደግሞ! በፍልሰታ በጠዋት አፉን ሞልቶ ይበላል፣ እኛ ጋ መጥቶ ይጾማል።»

ነርሷ ሳቀች።

«ሂጂ ውጪና ሚስቱን ጠይቂያት» አልኳት። «ምን እንዳበላችው እውነቱን ትናገር በያት።»

ወጣች። በዚህ መሃል የልብ ምታቸው ከሰባ ወደ መቶ ሃያ ወጣ። በግራ ዓይናቸው ጥግ ውሃ ወረደ። በጥጥ ጠረግኩት። ዓይን በደንብ ሳይከደን ሲቆይ ያነባል ብዬ አለፍኩት፤ የሰው ዕንባ ጠርጌ ማልቀሱን ያላወቅኩ ሰው ነኝ።

ነርሷ ተመለሰች። ሳቁ ጠፍቷል። «ሴትዮዋ በእግዚአብሔር ስም ትምላለች» አለችኝ። «"ዛሬ ቀርቶ ሳምንቱን ሙሉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀመሰም፤ ይልቅ ሦስት ቀን ሙሉ ሲረጭ ነው የከረመው" አለች። ይህንን ሰጠችኝ።» ፌስታሉን ዘረጋችልኝ። ውስጡ የቆየ ጃኬት ነበር። ፌስታሉን ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ከጠዋቱ አሥር እጥፍ። ጀርባው በሙሉ ጨርሶ ሳይደርቅ ጨቅይቷል።

ነጭ ሽንኩርት አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። በሰውየው መንደር ማሳውን ተምች ወሮታል። መንደሩ ያለው አንድ የጀርባ መርጫ ብቻ ነው፤ አረጫጩን ያውቃሉ ተብለው ለሁሉም የሚረጩት እሳቸው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ በተራቸው ያርሱላቸዋል፣ ያጭዱላቸዋል። እንዲህ ነው አብረው የሚኖሩት። ዝናቡ ፋታ በሰጠባት ሦስት ቀን ማሳ ከማሳ እየዞሩ ረጩ። መርጫው ያንጠባጥባል፤ ጀርባቸው ላይ ሲንጠባጠብ ዋለ። ጾመኛ ናቸውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዳቸው ባዶ ነበር።

የተምች መድኃኒት ትሉን የሚገድለው ነርቭና ጡንቻ የሚነጋገሩበትን ኬሚካል የሚያጠፋውን ኢንዛይም አንቆ ነው። የሰውም ቆዳ ይጠጣዋል፤ ሰው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሳክስን የሚፈጨውን የደም ወፍጮ ያቆማል። አንዳንዱ ዓይነት ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው። ምራቃቸው የበዛው፣ ሆዱ እንዲያ ተነፍቶ ልባቸው ያልሮጠው ለዚያ ነበር። ይህንን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ አልፌያለሁ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ግን የእናቴን ፌጦ ነበር ያሸተትኩት።

ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሳክሱ አልተፈጨም፤ ስለዚህ መንቀሳቀስ አይችሉም። ጋዙን ከዘጋሁት ግማሽ ሰዓት አልፏል፤ ስለዚህ አልተኙም። የልብ ምቱን አየሁት፤ መቶ ሠላሳ። የግራ ዓይናቸውን አየሁት፤ የጠረግኩት ቦታ እንደገና ረጥቧል።

ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ አፌን አስጠጋሁ። «አባቴ፣ እየሰሙኝ ነው። አልሞቱም። እኔ የሰጠሁዎት መድኃኒት ነው ያሰረዎት፣ ይለቅዎታል። እስኪለቅዎት ድረስ እኔ አተነፍስልዎታለሁ፤ ትቼዎት የትም አልሄድም። አሁን ደግሞ አስተኛዎታለሁ።» ኬታሚንና ዲያዜፓም ሰጠኋቸው። የልብ ምታቸው ቀስ በቀስ ወረደ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ጊዜ አጥቼ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ነርሷ ፊት አፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ መጭመቅና መጠበቅ ብቻ ነበር። ጉበት አዲስ ኢንዛይም ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ያንን አንጠብቅም። ሳክሱ ግን ወፍጮ ባይኖርም ደም ውስጥ በራሱ ጥቂት ጥቂት ይፈርሳል፣ ጥቂቱንም ኩላሊት ያወጣዋል። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚነግረኝ አልነበረም። ቀኝ እጄ ሲደነዝዝ በግራዬ፣ ግራዬ ሲደነዝዝ በቀኜ። ነርሷ ሽንት ቤት ሄጄ እስክመለስ ድረስ ትይዝልኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት ሄዶ ይመጣል። በደቂቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው መተንፈስ ምን ያህል እንደሚያደክም ለማንም ማስረዳት አልችልም። አንድ ቦታ ላይ ቆሜ እየጨመቅኩ ያሸለበኝ መሰለኝ፤ የራሴ ራስ ሲያዘነብል ባንኜ ደነገጥኩ።

ድካሙ ግን የእጄ ብቻ አልነበረም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ያልኩትን ደግሜ አስታወስኩ። «ቆራቢ ነኝ ብሎ ደግሞ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ሲወጣ የልብ ምታቸው ስንት ነበር? ምቱ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ ተኝተው ነበር፤ አልሰሙኝም። የመዝገቡን ወረቀት አገላብጬ ሰዓቱን ፈለግኩ፣ አልጻፍኩትም። እንደ ሌባ የራሴን ዱካ ስፈልግ ነበር። ሁለት ነገር ነበር የምለምነው፤ አንድ እንዲተነፍሱ፣ ሁለት እንዳልሰሙኝ።

ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ ፊኛው መዳፌ ውስጥ ትንሽ እምቢ አለኝ። እኔ ሳልለቀው ራሱ ሊሸሽ የፈለገ ያህል፣ በጣም ትንሽ። ትንፋሼን ይዤ መጭመቄን አቆምኩ። ፊኛው ጎደለ፣ ሞላ። እሳቸው ናቸው። እንደገና ጎደለ። ነርሷን ጠራኋት፤ ሁለታችንም ቆመን ፊኛ ስናይ ላየን ሰው ያበድን እንመስል ነበር። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ «ራስዎን ቀና ያድርጉ፣ ይዘው ይቆዩ» አልኳቸው። ራሳቸውን ከትራሱ አነሱ፣ እስከ አምስት ስቆጥር አላወረዱም። ቱቦውን አወጣሁ። ሳሉ፣ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አላዩኝም።

ማታ መንገድ ተከፍቶለት ባልደረባዬ ሲተካኝ፣ ከሁለቱ ልመናዎቼ የመጀመሪያውን አግኝቼ ቤቴ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኛሁ፤ ስነሳም ደክሞኝ ነበር።

ሁለት ቀን ወደተኙበት ክፍል አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ቅጹን ልጨርስ ማህደራቸውን ስስብ የራሴን ጽሑፍ አየሁት፤ «በልቶ ገብቷል።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የተጻፈው ደግሞ ፊርማዬ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። መስመር አሰመርኩበት። «አልበላም። የፀረ ተባይ መድኃኒት ሽታ ነበር» ብዬ አጠገቡ ጻፍኩና እንደገና ፈረምኩ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄድኩ።

ብቻቸውን ነበሩ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰዋል። «እንደምን አደሩ አባቴ» አልኩ ከበሩ ላይ።

ሳይዞሩ «ድምፅሽን አወቅሁት» አሉ። «ነይ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ስለ ቁስሉ ጠየቅኳቸው፤ ደህና ነው አሉኝ። ጀርባቸውን በሳሙና አጥበዋቸው እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ታጥቤያለሁ አሉ። ይህን መርጫ ሁለተኛ ጀርባዎ ላይ እንዳያዝሉ፣ ለሐኪም ሁሉ ይህ እንደደረሰብዎ ይናገሩ አልኳቸው። እሺ አሉ።

«ያን ጊዜ ነቅቼ ነበር» አሉ።

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁ።

«መጀመሪያ ሞቼ መሰለኝ። ኋላ ግን የሞተ ሰው ሆዱን አያመውም ብዬ አሰብሁ።»

«ያመዎት ነበር?»

«አመመኝ እንጂ። እሱስ ያልፋል።» ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ያለው ድካም ነው፣ እንደኔው። «ቆራቢ ነኝ ብሎ ስትይ ሰማሁ። ያች ልጅም ሳቀች። እጄን ላነሳ ታገልሁ። ልመታሽ አይደለም። አልበላሁም ልልሽ ነው። ይቺን አንድ ቃል ለመናገር ያን ያህል ታግዬ አላውቅም ልጄ። አቃተኝ።»

ከወንበሩ ወርጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ቶሎ ብለው፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው አነሱኝ። «እኔስ ይቅር አልሁ። ጆሮዬ ላይ አተነፍስልዎታለሁ ያልሽውንም ሰምቻለሁ፤ እሱን አልረሳውም።» ወደ በሩ ተመለከቱ። «እነሱ ናቸው ያስጨነቁኝ።»

«እነማን?»

«ያመጡኝ ጎረቤቶቼ። ያቺ ልጅ ሚስቴን "ምን አበላሽው?" ብላ ስትጠይቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር አሉ። ያየኝ ሁሉ አሁን "እንዴት ነህ" ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ይጠይቀኛል። ሚስቴ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጣ አልጠየቀችኝም። የማትጠይቀኝ ስላመነችኝ ነው ወይስ ስለፈራች፣ እሱን አላውቅም። አልበላሁም ብል ደግሞ የበላም እንዲያ ነው የሚል። አንቺ ነሽ ያልሽው፤ አንቺው ንገሪያቸው።»

የጠየቁኝ ይህን ብቻ ነው። ሰዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ አሉኝ። ስድስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ይዤ፣ ያንን የኦፕራሲዮን ልብሴን እንደለበስኩ ተመልሼ ገባሁ። ሚስታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አራቱ ጎረቤቶች ዱላቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር ቆመዋል። እንደ ልጅነቴ ትምህርት ቤት ሰልፍ ፊት የቆምኩ ያህል ቀጥ አልኩ።

«እኔ ነኝ ያስተኛኋቸው» አልኩ። «በልተው ገብተዋል ያልኩት እኔ ነኝ። አልበሉም። አፋቸው እህልም፣ ነጭ ሽንኩርትም አልነካም። የሸተተኝ በእናንተ ማሳ ላይ የረጩት የተምች መድኃኒት ነው፤ በጀርባቸው ገብቶ ደማቸውን በክሎት ነበር። ለመንቃት የዘገዩትም ለዚያ ነው። እሳቸው እውነቱን ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላመንኳቸው።»

አንዱ ጎረቤት ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «የመጨረሻው የኔ ማሳ ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «በቃኝ ሲል ነገ ዝናብ ይመጣል፣ ጨርስልኝ ያልሁት እኔ ነኝ።» ውጪ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።

ሽማግሌው ከትራሱ ራሳቸውን አነሱ፤ ያን ቀን ቱቦውን ላወጣ ስል እንዳነሱት፣ ቀስ ብለው።

«ሰማችሁ?» አሉ።

«ሰምተናል» አለች ሚስታቸው። ከዚያ ፌስታሉን ከአልጋው ሥር ጎትታ፣ ጃኬቱን ሳትነካው፣ እንድጥልላት ለእኔ ሰጠችኝ።